ማዘርቦርድ ከተቀየረ በኋላ ኮምፒውተሩ ለምን ስታክ ያደርጋል?

ማዘርቦርዱን ቀይራችኋል። ብሎኑን አጥብቃችሁ፣ ገመዱን ሰክታችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ አበራችሁት። ተነሳ። የድሮው ዲስክ ላይ ያለው ሲስተም ያለ ምንም ጥያቄ ገባ። ፋይሎቻችሁ አሉ፤ የስክሪኑ ሥዕል ሳይቀር እንደነበረ ነው። እፎይ ብላችሁ ሥራ ጀመራችሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማውሱ ቀጥ አለ። ኪቦርዱን ብትደበድቡት መልስ የለም። ጥጉ ላይ ያለው ሰዓት 4፡17 ላይ ቆሟል። ፋኑ ግን ይዞራል፤ መብራቱም በርቷል።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። እኔም ብያለሁ። እንዲያውም ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ጥፋቱ ግን ዲስኩ ውስጥ አልነበረም። ወደዚያ እመለስበታለሁ። ከዚያ ጣጣ የተረፈኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ መቼ ነው የሚቆመው? ሲነሳ ነው? ሥራ ሲበዛበት ነው? ወይስ ብቻውን ሲተዉት? ሦስቱ ወደ ሦስት የተለያዩ ጥፋተኞች ይመራሉ።

አዲስ ቤት፣ የድሮ እልፍኝ አስከልካይ

ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ብሮውዘሩም ሆነ ሙዚቃ ማጫወቻው ዲስኩን ወይም ራሙን በቀጥታ አይነካም። ሁሉም በከርነሉ በኩል ያልፋል። እንደ ጥንቱ እልፍኝ አስከልካይ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ውጭ ይጠብቅ፣ ማን እስከ መቼ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

ማዘርቦርዱ ደግሞ ቤቱ ነው። ዲስኩን ነቅላችሁ አዲስ ቦርድ ላይ ስትሰኩ፣ እልፍኝ አስከልካዩን ሌሊት ወስዳችሁ የማያውቀው ቤት ውስጥ አቆማችሁት ማለት ነው። የዲስክ መቆጣጠሪያው ሌላ ነው። የኔትወርክ ቺፑ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ አከፋፈሉ፣ የራሙ መስመር፣ የሰዓት ምንጩ ሁሉ ተቀይሯል።

የዛሬ ከርነሎች ግን ይህን ጉድ በደንብ ይችሉታል። በተነሱ ቁጥር ቤቱን እንደ አዲስ ዞረው ያያሉ። ሊኑክስ ለብዙ ዓይነት ሃርድዌር የሚሆን ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉን ከመሣሪያው ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም፣ አብሮት ይመጣል። ዊንዶውስም ከቪስታ ወዲህ ተለውጧል። በኤክስፒ ዘመን ከርነሉና ሃርድዌሩ የሚገናኙበት ክፍል የሚመረጠው ሲስተሙ ሲጫን፣ እንደ ቦርዱ ዓይነት ነበር። ቦርዱ ሲቀየር ያ ምርጫ ሊሳሳት ይችላል። «ማዘርቦርድ ከተቀየረ ፎርማት ግድ ነው» የሚለው ልማድ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ዘመኑ አልፏል፤ ልማዱ ግን አልለቀቀንም።

ከርነሉ አዲሱን ቤት የሚያውቀው በምንድን ነው? በከፊል ራሱ ዞሮ በማየት ነው። በከፊል ደግሞ ቦርዱ ራሱ በሚሰጠው ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ኤሲፒአይ የሚባለው ሰንጠረዥ ነው፤ የሚቀመጠው ባዮሱ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም ውስጥ ነው። የትኛው መሣሪያ በየትኛው መስመር እንደሚጣራ፣ ኃይል እንዴት እንደሚቀነስ፣ ሙቀት የት እንደሚለካ ይናገራል። ወረቀቱ ስህተት ካለበት ከርነሉ አምኖ ይከተለውና ገደል ይገባል። ስለዚህ ማንኛውንም ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት የአዲሱን ቦርድ ባዮስ አፕዴት አድርጉ። ቦርዱ ሲመረት የተጫነው ባዮስ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። አዲሶቹ ባዮሶች ደግሞ የራም አለመስማማትንና የፕሮሰሰሩን የውስጥ መመሪያ (ማይክሮኮድ) ያስተካክላሉ። አሰልቺ ምክር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ብዙ ሰው ከሁለት ቀን ልፋት በኋላ የሚሞክረው እሱን ነው።

በእርግጥ ቆሟል ወይ?

የሚገርመው፣ ቆመ ከሚባለው ውስጥ ቀላል የማይባለው አልቆመም።

ለምሳሌ ዲዲአር5 የተባለውን የራም ዓይነት በሚወስድ ቦርድ የመጀመሪያው ማብሪያ ላይ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ቦርዱ ከራሙ ጋር እየተለማመደ፣ የሲግናሉን ጊዜ እየለካ ነው። ትዕግሥት ያጣ ሰው አጥፍቶ ያበራዋል፤ ልምምዱም ከዜሮ ይጀምራል።

ሊኑክስ ላይ ሌላም አለ። የኔትወርክ ካርዱ ስም የሚወጣው ከተሰካበት መስመር ቁጥር ነው። በድሮው ቦርድ ኢኤንፒ3ኤስ0 የነበረው በአዲሱ ኢኤንፒ5ኤስ0 ሊሆን ይችላል። ሲስተሙ ሲነሳ የድሮውን ስም እየፈለገ እስከ 2 ደቂቃ ይጠብቃል። የሌለ ዲስክ በማስነሻ ዝርዝሩ ላይ ከተጻፈ ደግሞ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይጠብቃል። ይህ መጠበቅ እንጂ መቆም አይደለም። መፍትሔውም ስሙን ማስተካከል ብቻ ነው። በነገራችን ላይ፣ ቦርድ ሳይቀየር አዲስ ግራፊክስ ካርድ መሰካት ብቻውን ይህን ስም ሊለውጥ ይችላል።

ሥራ ላይ እያለ የቆመ ሲመስላችሁ ደግሞ ካፕስ ሎክን ተጫኑ። መብራቱ ከበራና ከጠፋ ከርነሉ በሕይወት አለ፤ የሞተው ስክሪኑን የሚሥለው ክፍል ነው። ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ካላችሁ ፒንግ አድርጉት፤ በኔትወርክ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ፒንጉ ከመለሰ ችግሩ የግራፊክስ ድራይቨሩ ጋ ነው የሚሸተው። ካፕስ ሎኩ ካልመለሰ፣ ፒንጉም ካልመለሰ፣ እውነተኛው ነገር ደርሷል። ሊኑክስ ላይ መብራቱ ራሱን ችሎ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ከርነሉ ፓኒክ አድርጓል፤ የማይወጣው ስህተት ገጥሞት ራሱን አቁሟል። ፓኒክ ከስታክ ይሻላል። ቢያንስ ሲሞት ይናገራል።

ዋችዶጉ የሚለውን ማንበብ

ከርነል ራሱን የሚጠብቅበት ዋችዶግ የሚባል ዘዴ አለው። ሊኑክስ ላይ አንድ የፕሮሰሰር ኮር ከርነሉ ውስጥ ገብቶ ለሌላ ሥራ ተራ ሳይሰጥ ከ20 ሰከንድ በላይ ከቆየ «ሶፍት ሎክአፕ» ይባላል። ኮሩ ይሠራል፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል። ከዚህ የሚብሰው «ሃርድ ሎክአፕ» ነው። ኮሩ ከ10 ሰከንድ በላይ ለሃርድዌር ጥሪ እንኳ መልስ መስጠት አቁሟል ማለት ነው። ዊንዶውስ ተመሳሳይ ነገር ሲገጥመው ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። አንዱ ኮር መልስ ካልሰጠ «ክሎክ ዋችዶግ ታይምአውት» ይላል፤ ቁጥሩ 101 ነው። ድራይቨር ከሚገባው በላይ ተራ ከያዘ «ዲፒሲ ዋችዶግ ቫዮሌሽን» ይላል፤ ቁጥሩ 133 ነው።

የሊኑክሱን መልእክት ጠጋ ብለን እንየው። ስክሪኑ ላይ «ባግ፡ ሶፍት ሎክአፕ» ይልና ሲፒዩ ቁጥር 3 ለ22 ሰከንድ እንደተያዘ ይናገራል። መጨረሻው ላይ በቅንፍ የአንድ ፕሮግራም ስም አለ። ለምን 20 ሳይሆን 22? ዋችዶጉ የሚነቃው በየ4 ሰከንዱ ስለሆነ ነው፤ ገደቡ ካለፈ በኋላ ደርሶ ነው የሚያየው።

ብዙ ሰው ቅንፍ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ይወነጅላል። ብሮውዘር ከሆነ ብሮውዘሩን ያጠፋል። አትቸኩሉ። ያ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አደጋው ሲደርስ በቦታው የተገኘ መንገደኛ ነው። የሚጠቅመው ከታች የተደረደረው የጥሪ ዝርዝር ነው፤ ከርነሉ ሲያዝ በየትኞቹ የኮድ ክፍሎች በኩል እያለፈ እንደነበር ያሳያል። እዚያ ውስጥ የድራይቨር ስም ይደጋገማል። «ኑቮ» የሚል ካያችሁ ነጻው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ድራይቨር ነው። የኔትወርክ ቺፑ ስም ከሆነ መንገዱ ወደዚያ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምወደው ፈተና ግን መልእክቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ሦስት ጊዜ ስታክ እስኪያደርግ ጠብቁና ሦስቱን አወዳድሩ። ሁሌም ያው ድራይቨር፣ ያው ቦታ ከሆነ ጥፋቱ የሶፍትዌር ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። በየጊዜው ሌላ ኮር፣ ሌላ ፕሮግራም፣ ሌላ ስህተት ከሆነ ግን ራም ወይም ኤሌክትሪክ ጠርጥሩ። የተበላሸ ድራይቨር ብዙ ጊዜ ቦታውን አይቀያይርም። የተበላሸ ራም ግን ያገኘውን ይመታል።

መልእክቱን ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ከርነሉ ሲቆም ወደ ዲስክ መጻፍም ያቆማል። ሊኑክስ ላይ ከተነሳ በኋላ በጆርናሉ ውስጥ ያለፈውን ማስነሻ የከርነል መዝገብ ክፈቱ። መጨረሻው ድንገት የተቆረጠ ከሆነና ምንም ቅሬታ ከሌለው፣ ያ ራሱ መረጃ ነው፤ ከርነሉ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም። እንዲህ ሲሆን ኔትኮንሶል የሚባለውን ተጠቀሙ። የከርነሉን መልእክት በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እየላከ ያስቀራል። ካልሆነ ግራፊክሱን ትታችሁ በጽሑፍ ስክሪን ላይ ሥሩና ሲቆም በስልክ ፎቶ አንሱት።

ዊንዶውስ ላይ የተመዘገቡ ክስተቶች የሚታዩበት የኢቨንት ቪውወሩ ዝርዝር ሰው ያደናግራል። ሁሉም «ከርነል ፓወር 41» የሚለውን ቀይ ምልክት አግኝቶ ፓወር ሰፕላይ ሊገዛ ይሮጣል። ይህ መልእክት ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይጠፋ እንደገና ተነሳ ማለት ብቻ ነው። እናንተው ቁልፉን ይዛችሁ ስላጠፋችሁትም ይጻፋል። የሚፈለገው «ዊያ ሎገር» የሚለው ነው። እሱ ካለ ሃርድዌሩ ራሱ ስህተት ሪፖርት አድርጓል። ሰማያዊ ስክሪን ላይ 124 የሚለው ቁጥርም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

በቆመበት ጊዜ ቁልፉን ይዞ ማጥፋት ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ሊኑክስ ላይ ሻል ያለ መውጫ አለ። ኦልትንና ፕሪንት ስክሪንን ይዛችሁ አር፣ ኢ፣ አይ፣ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ የሚሉትን ፊደላት በየመካከሉ ጥቂት ሰከንድ እየጠበቃችሁ ተጫኑ። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ምንም ሳይቀየር የሚሠሩት የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ናቸው። ዳታውን ወደ ዲስክ ይጽፋሉ፣ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ሪስታርት ያደርጋሉ። ለዚህም መልስ ካልሰጠ የቆመው ከርነሉ ራሱ ነው።

ሲነሳ የሚቆመው

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። አርማው ይታያል፣ ከዚያ ይቆማል ወይም ደጋግሞ ሪስታርት ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ ከርነሉ የተቀመጠበትን ዲስክ ማግኘት አቅቶታል።

ባዮሱ ውስጥ የዲስክ አሠራር የሚመረጥበት ቦታ አለ። ኤኤችሲአይ ወይም ሬይድ ይላል፤ አንዳንድ የኢንቴል ቦርድ ላይ ቪኤምዲ የሚባል አለ። የድሮው ቦርድ በአንዱ፣ አዲሱ በሌላው ከሆነ ዊንዶውስ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ብሎ ይሞታል፤ ቁጥሩ 7ቢ ነው። እንደ ድሮው መልሱት፤ ይነሳል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ እንደ ፌዶራ ያሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የማስነሻ ፋይሉን ሲሠሩ የዚያን ኮምፒውተር ድራይቨሮች ብቻ መርጠው ይከታሉ። ቦርዱ ሲቀየር የሚያስፈልገው ድራይቨር በውስጡ ላይኖር ይችላል። ከማስነሻ ዝርዝሩ «ሬስኪዩ» የሚለውን መርጣችሁ ግቡና ፋይሉን እንደገና አሠሩት።

ዲስኩ ጨርሶ ካልታየ የማስነሻ ስሙ ጠፍቶ ይሆናል። ዩኢኤፍአይ የሚባለው የዘመኑ ባዮስ ባላቸው ቦርዶች ላይ ያ ስም የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ እንጂ ዲስኩ ላይ አይደለም። የድሮው ቦርድ ይዞት ሄዷል። ኤም ዶት ቱ ኤስኤስዲ ጨምራችሁ ከሆነም ማኑዋሉን ተመልከቱ። ብዙ ቦርዶች ላይ አንዱ ኤም ዶት ቱ ማስገቢያ ሲያዝ አንድ ሁለት የሳታ ማስገቢያዎች ይጠፋሉ።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ ቁልፉ የታሰረው ከድሮው ቦርድና ፕሮሰሰር ጋር ነው። አዲሱ ቦርድ ላይ 48 አሃዝ ያለው መክፈቻ ይጠይቃችኋል። ቦርዱን ከመንቀላችሁ በፊት ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። በኋላ ማልቀስ አይመልሰውም።

ሥራ ሲበዛበት የሚቆመው

የእኔ ጉዳይ እዚህ ነው።

የድሮው ቦርዴ ላይ ራሙ ለዓመታት እንደመጣ፣ ምንም ሳልነካው ነበር የሠራው። አዲሱን ቦርድ ስገጥም ባዮሱ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚል ምርጫ አየሁ። ራሙ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ፍጥነት የሚያወጣው እሱ ነው። በደስታ አበራሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ በቀን ሁለት ሦስቴ ይቆማል። ከባድ ፋይል ስከፍት ይቆማል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳላደርግ። የቦርዱን ነገር አልጠረጠርኩም፤ አዲስ ነዋ! የጠረጠርኩት ሲስተሙን ነው። ፎርማት አደረግሁ። በማግስቱ ቆመ። ሁለተኛ ፎርማት ስጀምር ግን አንድ ነገር ሆነ። ጫኙ ራሱ፣ ከፍላሽ ላይ እየሠራ፣ 60 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ቀጥ አለ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ዲስኩ ባዶ ነው። የድሮ ድራይቨር የለም። የድሮ ሲስተም የለም። ታዲያ ማንን ልክሰስ?

ባዮስ ገብቼ ኤክስኤምፒን አጠፋሁ። መጫኑ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አልቆመም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራም ሁሉ በስታንዳርዱ የተወሰነ፣ ዝግ ያለ መነሻ ፍጥነት አለው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 3200 ወይም 3600 ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ የሚገፋ ፍጥነት ነው። ራሙ ብቻውን ይችለው ይሆናል። ግን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የራም መቆጣጠሪያና ቦርዱ ላይ ያለው መስመር አብረው መቻል አለባቸው። አራት ራም ከተሰካ ጫናው ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ «ራሙ ድሮ ይሠራ ነበር» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ድሮ ሌላ ቦርድ ላይ፣ ሌላ ፍጥነት ነበር።

ፈተናው ቀላል ነው። ባዮሱን ወደ ፋብሪካው ቅንብር መልሱ። አንድ ራም ብቻ፣ ማኑዋሉ በሚለው ማስገቢያ ላይ ስኩ። ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86 ፕላስን በፍላሽ ጭናችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ በቃ። ስህተት ካላወጣ ግን ራሙን ነጻ አታውጡት፤ የሚጨንቀው ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ አብረው ሲሠሩ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ራም ካልሆነ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ይቀራሉ። ቦርድ ስትቀይሩ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ነቅላችኋል። በሁለቱ መካከል የሚቀባውን የሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታ ጠርጋችሁ አዲስ ቀብታችኋል? አራቱም ጥግ እኩል ጠብቋል? ሴንሰሩን እያያችሁ ጫና ስጡት። ከሥራ ፈት ወደ ጫና ሲገባ በሁለት ሰከንድ ውስጥ 100 ዲግሪ አካባቢ ከዘለለ ማቀዝቀዣው በደንብ አልገጠመ ይሆናል። ፓወር ሰፕላዩ የሚነቀል ገመድ ካለው ደግሞ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ገመድ እንዳትሰኩ። ጫፉ ይገባል፤ የውስጡ አደራደር ግን ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ይህ ስታክ ማድረግ ብቻ ሳይሆን ቦርድና ዲስክ ያቃጥላል።

ብቻውን ሲተዉት የሚቆመው

ይህ በጣም የሚያሳብደው ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ይውላል፣ ጨዋታ ያጫውታል፣ ቪዲዮ ይሠራል፤ ፍንክች አይልም። ስልክ ለማንሳት ተነስታችሁ ስትመለሱ ቆሟል።

ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ይተኛል። የእንቅልፉ ደረጃዎች ሲ ስቴት ይባላሉ። ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሲገባ የሚስበው ኤሌክትሪክ እጅግ ይወርዳል። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ፣ አንዳንድ ባዮስ፣ አንዳንዴም ፕሮሰሰሩ ራሱ ከዚያ ጥልቀት በደህና አይወጣም። የሕዝብ ምስጢር የሆነ ምሳሌ አለ። በ2017 የወጡት የመጀመሪያዎቹ የራይዘን ፕሮሰሰሮች ሊኑክስ ላይ ሥራ ሲፈቱ የመቆም ችግር ነበረባቸው። በኋላ ባዮሶቹ ውስጥ «ፓወር ሰፕላይ አይድል ኮንትሮል» የሚል ምርጫ ገባ። «ቲፒካል ከረንት አይድል» ላይ ሲደረግ ብዙዎቹ ዳኑ። ከዚያ በፊትም ቤይ ትሬይል የሚባሉት ትናንሽ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እንዲሁ ይቆሙ ነበር። ለከርነሉ «ከደረጃ 1 በላይ አትተኛ» ብሎ መንገር ያስታግሳቸው ነበር።

የእናንተም ብቻውን ሲሆን የሚቆም ከሆነ ባዮስ ውስጥ ጥልቅ ሲ ስቴቶችን ለጊዜው አጥፉና ሁለት ቀን ተዉት። ከዳነ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ትንሽ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይበላል እንጂ ያን ያህል ጉዳት የለውም። እንቅልፍ የሚከብደው ፕሮሰሰር ብቻም አይደለም። አንዳንድ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲዎች ኃይል ለመቆጠብ ሲተኙ በዚያው ይቀራሉ። ዲስኩ ሲጠፋ የተከፈቱት ፕሮግራሞች አንድ በአንድ እየደረቁ ይሄዳሉ። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም ነገር ግን አይከፈትም። ይህን ምልክት ካያችሁ ወደ ዲስኩ ተመልከቱ።

ለከርነሉ የሚሰጡ ትእዛዞች

ሊኑክስ ሲነሳ ግራብ በሚባለው የማስነሻ ፕሮግራም ዝርዝር ላይ ኢ የሚለውን ፊደል ተጭናችሁ ለአንድ ማስነሻ ብቻ የሚቆይ ትእዛዝ መጨመር ትችላላችሁ። ካልሠራ ሪስታርት ስታደርጉ ይጠፋል፤ ስለዚህ አትፍሩ። «ኖሞድሴት» ከርነሉ ግራፊክሱን ራሱ እንዳይቆጣጠር ያደርጋል። ሲነሳ ስክሪኑ ጥቁር ለሚሆንባችሁ የመጀመሪያው ሙከራ እሱ ነው። ካርዶች የሚሰኩበትን መስመር (የፒሲአይ ኤክስፕረስን) ኃይል ቁጠባ ማጥፋትም ከአንዳንድ ካርዶች ጋር ይረዳል።

ኤሲፒአይን ጨርሶ አጥፉ የሚል የቆየ ምክር በየቦታው አለ። እኔ አልመክርም። ለአንድ ጊዜ ምርመራ ይሁን፤ ግን ያንን ይዞ መኖር ቤቱን ያለ ካርታ መዞር ነው። የኃይል ቁጥጥሩና ሌላ ብዙ ነገር አብሮ ይጠፋል። መቆሙ ከቀረ «ተፈታ» አትበሉ፤ የባዮሱ ወረቀት ላይ ስህተት እንዳለ ነው የተረዳችሁት።

ከሁሉም በላይ ግን ትልቁ መለያ የላይቭ ፍላሽ ነው። ዲስኩን ነቅላችሁ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሱና ጥቂት ሰዓት አሠሩት። እዚያም ከቆመ የድሮው ሲስተማችሁ ንጹሕ ነው። እኔ ይህንን በመጀመሪያው ቀን አድርጌው ቢሆን ሁለቱ ፎርማቶች ይቀሩልኝ ነበር። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ፍላሹም ያንኑ የግራፊክስ ድራይቨር ሊጠቀም ስለሚችል «ሴፍ ግራፊክስ» በሚለው አስነሱት።

ፍላሹ ላይ ካልቆመና ዲስኩ ላይ ብቻ ከቆመ የድሮውን ቦርድ ድራይቨሮች ማጽዳት ተገቢ ነው። በተለይ ዊንዶውስ ላይ ከኢንቴል ወደ ኤኤምዲ ወይም በተቃራኒው ከሄዳችሁ፣ የድሮው ቦርድ የቺፕሴትና የፋን መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞች ቀርተው ይሆናል። እነሱን አውጥታችሁ፣ የአዲሱን ጭናችሁ፣ አሁንም ከቆመ ያኔ ፎርማት አድርጉ። አልቃወምም።

ካቻቢቴውን አንሱ

ፍላሹም ላይ ከቆመ ሳጥኑን ክፈቱ። ቦርዱ የሚያርፍባቸው ትናንሽ ቢጫ የብረት ድጋፎች አሉ። የድሮው ቦርድ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ላይ አዲሱ ላይኖረው ይችላል። እዚያ የቀረች አንዲት ድጋፍ የቦርዱን ጀርባ ትነካና ኤሌክትሪክ ታገናኛለች። አንዳንዴ ጨርሶ አይነሳም። አንዳንዴ ደግሞ ቦርዱ ሲሞቅና ትንሽ ሲለጠጥ ብቻ ትነካለች፤ ያኔ በሩብ ሰዓቱ ይቆማል። ብሎኖቹን ፈትታችሁ ድጋፎቹን ከቀዳዳዎቹ ጋር አንድ በአንድ ቁጠሯቸው።

የፕሮሰሰሩን ማስገቢያም በባትሪ ብርሃን እዩት። ፒኖቹ ማስገቢያው ላይ ያሉበት ዓይነት ከሆነ አንድ የታጠፈ ፒን የራሙን ግማሽ ሊያጠፋ ይችላል። ሁለት ራም ሰክታችሁ ሲስተሙ አንዱን ብቻ ካየ ይህን ጠርጥሩ።

የመጨረሻው ምርመራ ቦርዱን ከሳጥኑ አውጥቶ በመጣበት ካርቶን ላይ ማስቀመጥ ነው። ፕሮሰሰር፣ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ላይቭ ፍላሽ። ሌላ ምንም የለም። ባዮሱ አዲስ፣ ቅንብሩ የፋብሪካ። እዚህ ላይ በሰላም ከዋለ የነቀላችሁትን አንድ በአንድ፣ በመካከሉ ግማሽ ቀን እየጠበቃችሁ መልሱ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከመለሳችሁ የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

እዚህም ከቆመ፣ በሌላ ራምና በሌላ ፓወር ሰፕላይ ተሞክሮ እንደገና ከቆመ፣ የቀረው ቦርዱ ወይም ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰሩ በድሮው ቦርድ ላይ ደህና የነበረው ራሱ ከሆነና የማስገቢያው ፒኖች ካልታጠፉ፣ ቦርዱን በዋስትናው መልሱት። ስትመልሱት ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የሚቀበላችሁ ሰው አብርቶት አምስት ደቂቃ አይቶ «እኛ ጋ ይሠራል» ሊላችሁ ይችላል። የመልእክቶቹን ፎቶ ያዙ። አንድ ቪዲዮም ቅረጹ፦ ጥጉ ላይ ያለው ሰዓት 4፡17 ላይ ቆሞ፣ አጠገቡ የተቀመጠው የሌላ ስልክ ሰዓት ግን 4፡18፣ 4፡19 እያለ ሲሄድ የሚታይበትን።